ታንኳ በደቦ

ኅዳር ሲገባ በባሶና ወራና የገብሱ ማሳ ይነጣል። ባለ ማሳው «ለነገ ደቦ ጠርቻለሁ» ካለ በቂ ነው። ጎረቤት ማጭዱን ስሎ ማልዶ ይመጣል፣ ጠላው ይወጣል፣ እንጀራው ይቀርባል፣ አንዱ ሲያዜም ሌላው ይቀበላል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ማሳው ላይ ነዶ ብቻ ይቀራል። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ውለታው ቀን ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ዛሬ የታጨደለት ነገ ለሌላው ያጭዳል። ከመንዝ እስከ አንኮበር ይህን ሥርዓት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

የእጅ ሙያ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንጨት ሥራ መማር የሚፈልግ የደብረ ብርሃን ወጣት ወይ ኮሌጅ ገብቶ የምስክር ወረቀት ይይዛል፣ ወይ አንድ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ፍቅፋቂ እየጠረገ የባለሙያውን እጅ በዓይኑ ይከተላል። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከአናጢ ጎን ቆመው፣ መላጊያ ጨብጠው፣ አንድን ነገር ስለወደዱት ብቻ አብረው የሚሠሩበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ጉልበት በደቦ ይሰበሰባል፤ ዕውቀት ግን በየቤቱ ተቆልፎበት ይኖራል። ይህን ለመቀየር ብዙ መንገድ ይኖር ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የእንጨት ታንኳ በጋራ መሥራት ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ታንኳ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሐይቅ የላትም፤ ያላት በሬሳ ወንዝ ነው፣ እሱም ክረምት ሞልቶ በጋ ላይ ይከሳል። ይሁንና እዚህ ታንኳ የሚመረጠው ለመጓጓዣነቱ አይደለም፤ ለአስተማሪነቱ ነው። አልጋ ወይም ወንበር የሠራ ሰው ጥቂት ቢዛነፍበት በሽብልቅ ያስተካክለዋል፣ በቫርኒሽ ይሸፍነዋል። ታንኳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የለም። እያንዳንዱ ጣውላ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ይጠማዘዛል፣ አጠገቡ ካለው ጋርም ክፍተት ሳይተው መግጠም አለበት። የተዛነፈውን ውኃው ራሱ ያጋልጠዋል።

ደግሞም ብቻውን ለተነሳ ሰው አስቸጋሪ ሥራ ነው። ሙያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ሰጥተው የሚሠሩት ታንኳ ብዙውን ጊዜ በስንጥር ዘዴ የሚገነባ ነው። መጀመሪያ ረጅምና ቀጥ ያለ መደገፊያ ይዘረጋል። በላዩ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ከኮምፐርሳቶ የተቆረጡ ቅርጾች ይተከላሉ። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ረጃጅም ስንጥሮች አንድ በአንድ በቅርጾቹ ላይ እየተለበጡ ጠርዝ ለጠርዝ በኮላ ይያያዛሉ። ስንጥሩ ከታንኳው ጎን ወደ ሆዱ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ እምቢ ይላል። አንዱ ሰው ጫፉን ይዞ ይጠመዝዘዋል፣ ሁለተኛው መሃሉ ላይ ቆሞ ወደ ጎረቤቱ ስንጥር ያስጠጋዋል፣ ሦስተኛው በሞርሳ ያጠብቀዋል፤ ኮላው ሳይደርቅ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። ልብጡ ሲያልቅ አካሉ ከቅርጾቹ ላይ ይነሳል፣ ውስጥና ውጩ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ይሸፈናል። እንዲህ የተሠራ ባለ 5 ሜትር ታንኳ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ጀማሪ ትርፍ ሰው አይሆንም። ጫፍ መያዝ የሚችል ሁሉ ይፈለጋል፤ ጫፍ የያዘም መሃሉ ላይ የሚደረገውን እያየ ይማራል።

ሌላው ዓለም ይህን በሚገባ ተረድቶታል። በሰሜን አሜሪካ የእንጨት ታንኳ ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1979 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው አሮጌ ታንኳ ማደስንና አዲስ መሥራትን እርስ በርስ ሲማማሩ ኖረዋል። ለሰሜን ሸዋ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከስኮትላንድ ይመጣል። በአንስትራዘር ከተማ የሚገኘው የስኮትላንድ የዓሣ ሀብት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ አንድ ሐሳብ አነሳ፦ የባሕር ዳር መንደሮች የመቅዘፊያ ጀልባቸውን ራሳቸው ይሥሩ። ኢየን ኡትሬድ የተባለ የጀልባ ንድፍ አውጪ 6.7 ሜትር ርዝመት ያላት፣ አራት ቀዛፊና አንድ መሪ የምትይዝ ጀልባ ነደፈ። ኮምፐርሳቶው በልክ ተቆርጦ ለየመንደሩ ይላካል፤ የሚገጣጥሙት ነዋሪዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት መዶሻ ከምስማር ጋር እንጂ ከጀልባ ጋር አላገናኙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኡላፑል በተባለች ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር ሲካሄድ መንደሮቹ በገዛ እጃቸው በሠሩት ጀልባ ተፎካከሩ። ዛሬ የዚያች ጀልባ እህቶች ከስኮትላንድ አልፈው በብዙ አገር ውኃ ላይ ናቸው። ጀልባዎቹ የተሠሩት በየአዳራሹና በየመጋዘኑ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መንደሮቹ ጀልባም፣ ጀልባ መሥራት የሚችል ሰውም ነበራቸው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። የጣና ታንኳ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያዩ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጽፈውለታል። ሠሪው ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ያጭዳል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይደረድራል። ከዚያ ገመዱን አዙሮ እግሩን ነዶው ላይ ተክሎ በሙሉ ክብደቱ ይስባል፤ ነዶው እየጠበበ ይጠነክራል፣ ጫፉም ወደ ላይ ይቀናል። መቀመጫው ላይ ሌላ ንጣፍ ይጨመራል። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈው ታንኳ እንዲህ የታሰረ ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይም። ስለዚህ ሠሪው ሙያውን ሊረሳ አይችልም፣ ሁልጊዜ ያስራል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰና እየተገነባበት ደንገሉ ሸሽቷል፣ እምቦጭ ውኃውን ወርሯል፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህም የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ በዓሣ ማስገሩ ሥራ ገብተዋል። ሙያውን በዋናነት የያዙት ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ናቸው፤ ከእነሱ ውጭ ታንኳ ማሰርን የተማረ ብዙ ሰው የለም።

አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ይህን ሙያ ለማሳደግ ሞክረዋል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ጣና ላይ የሚሄድ ትልቅ ጀልባ ፈልገው ጋፋት ላይ መድፍ የሚሠሩላቸውን አውሮጳውያን ቢጠይቁ የጀልባ ሙያ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ንጉሡ ግን አልተዉትም። ራሳቸው መላ መትተው ከደንገል ግዙፍ ታንኳ አሠሩ፤ በእንፋሎት ፋንታ በሰው እጅ የሚሽከረከር መንኰራኩርም አስገጠሙበት። ይህን ታሪክ ከእስረኞቻቸው አንዱ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፣ ቀጣይ ግን አላገኘም። ታሪኩ ሲነገር የንጉሡ ስም ይነሳል፤ ደንገሉን ያሰሩት እጆች አይነሱም።

ከመቶ ዓመት በኋላም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ጊዛ አሠራ። 12 ቶን የሚሆነው ደንገል ከጣና ተጓጓዘ። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። «ራ» ከሞሮኮ ተነስታ ባርቤዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ፈረሰች። በሚቀጥለው ዓመት «ራ ሁለት»ን ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች አሰሯት፤ እሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ከጣና የተወሰደው ጥሬ ዕቃ ነው። ዕውቀቱን ይዞ የመጣ ሰው ከጣና ዳር አልተጠራም።

ይህ ለምን ይደጋገማል? መልሱ አንኮበር ላይ በግልጽ ይታያል። ከተማዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን በዙሪያዋ ጠይብ የሚባሉ ባለ እጆች ይኖሩ ነበር፤ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ይሸምኑ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የገቡት ሚስዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ ስለ እነሱ ጽፈዋል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምጣዱ ከባለ እጅ ቤት ይወጣል። የደቦው አጫጅ ግን ማጭዱን የሠራለትን ሰው «ቡዳ» ብሎ ይሸሸው ነበር፣ ልጁንም አይድርለትም ነበር። ጣና ዳር ወይጦዎችም ጉማሬ ይበላሉ ተብለው በተመሳሳይ መንገድ ተገልለዋል። የተናቀ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ይወርዳል። ባለሙያው ዕውቀቱን የደበቀው በስስት አይደለም፤ የሚማርለት ጎረቤት ስላልነበረው ነው።

አፄ ምኒልክ ነገሩን ተረድተውታል። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሁለት የአገሩን ባለሙያዎች አስከትሎ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገብቶላቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ትልቅ ነገር ነበር። አዋጅ ግን ስድብን ሊያስቆም ቢችል እንኳ የመምህርንና የቀጥቃጭን ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም። እሱን የሚያደርገው አብሮ መሥራት ነው፤ አብሮ መሥራቱም የሚዘልቀው አንደኛው ለእንጀራው፣ ሌላው ለፍቅሩ ሲሠራ፣ ሁለቱም ከአንድ ጣውላ ጋር ሲታገሉ ነው።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ እንዲህ በቤተሰብ የተቆለፈ ዕውቀትን የከፈቱ አንድ ሰው ነበሩ። ማው ፒያይሉግ ሳታዋል ከተባለች ትንሽ የማይክሮኔዥያ ደሴት የተወለዱ የታንኳ መሪ ነበሩ፤ በኮከብና በማዕበል ብቻ መንገድ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በደሴቶቹ ላይ ከቤተሰብ የማይወጣ ነበር። ሃዋይ ላይ ደግሞ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የሃዋይ ሰዎች የአባቶቻቸውን ዓይነት ባለ ሁለት አካል ታንኳ ሠርተው «ሆኩሌአ» ሲሏት የሚመራት አጡ። ማው እ.ኤ.አ. በ1976 ያለ ኮምፓስ ታሂቲ አደረሷት። በኋላም ተመልሰው የሃዋይ ወጣቶችን አስተማሩ፤ ለባዕድ አሳልፈህ ሰጠህ የሚል ወቀሳ ከወገናቸው ደረሰባቸው። እሳቸው ግን የደሴታቸው ልጆች ከባሕሩ እየራቁ መሆኑን ያዩ ነበርና አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1980 ተማሪያቸው ናይኖአ ቶምፕሰን ያንኑ መንገድ ራሱ መራ። የጣና ዳር ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ተማሪ ቢያገኙ ሙያቸው ከደንገሉ ጋር አብሮ አይሸሽም።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበው እንጨት አለው፤ መምረጥ ግን ያስፈልጋል። ከአንኮበር በላይ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው የሚያስጎመጅ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው የሚል ትውፊት አለ። ይህ ደን ለታንኳ አይነካም፤ ቆሞ ይኑር። በየጓሮው ያለው ነጭ ባሕር ዛፍ ለአጣናና ለማገዶ እንጂ ለስስ ልብጥ አይመችም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ክብደቱም ከባድ ነው። ለታንኳ የሚሆነው በየተተከለው ደንና በየአጥሩ የሚታየው የፈረንጅ ጥድ ነው። ቀላል ነው፣ መላጊያ ይቀበላል፣ ብስባሴን ይቋቋማል። ኢፖክሲና ፋይበርግላስ ከውጭ ስለሚመጡ ውድ ናቸው፤ ለመጀመሪያው ታንኳ ግን የግድ አይደሉም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች የእንጨቱን አካል በተወጠረ ሸራ አልብሰው ቀለም ይቀቡት ነበር። ሸራና የዘይት ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ደብረ ብርሃን ላይ አይጠፋም።

የሚቃወም ሰው የሚለው ይታወቃል፤ «በዚህ ጊዜ ታንኳ?» የጦርነት ድምፅ ካልራቀበት አገር፣ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በመጠለያ የኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ካሉበት ከተማ ይህ ጥያቄ ቢነሳ አግባብ ነው። መልሱም ከዚያው ከመጠለያው ይመጣል። የተፈናቀለ ገበሬ ማሳውን፣ በሬውን፣ ጎተራውን ትቶ መጥቷል። ይዞት የሚመጣው በእጁ ያለውን ሙያ ብቻ ነው። ከተማው ውስጥ ማንንም የማያውቅ ወጣት በደጅ ጥናት ከሚውል፣ ሳምንት በሳምንት ከከተማው ሰው ጋር አንድ ጣውላ ቢይዝ ሙያም ዘመድም ያገኛል። ለታንኳው ልብጥ የተማረው መገጣጠም ለመስኮት፣ ለንብ ቀፎ፣ ለሽመና ዕቃ ይሆናል። ሥራ አጥነት በዝቷል የሚል ሰው ይህን ዓይነቱን ትምህርት ቅንጦት ሊለው አይገባም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የደብረ ብርሃን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ለከተማው ነዋሪ ይከፈት። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራን ንድፉን በሙሉ ልኩ ያውጡ፤ ስሌቱ ለተማሪዎቻቸውም ጥሩ ልምምድ ነው። ከከተማው አናጢዎች አንዱ ሥራውን ይምራ፣ የቀን ሥራው ተቋርጦበታልና በወጉ ይከፈለው። መግቢያው ለሴትም ለወንድም፣ ለተማሪም ለጡረተኛም እኩል ይሁን። አንድ ደንብ ብቻ ይበቃል፦ አንድን ደረጃ የተማረ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው እሱኑ ደረጃ ያሳይ። ታንኳው ሲያልቅ መሞከሪያ ውኃ አለው። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው መንገድ በደብረ ሲና ወርዶ፣ ኮምቦልቻንና ደሴን አልፎ ሐይቅ ወደተባለችው ከተማና ወደ ሐይቋ ይደርሳል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ታንኳው በመኪና ተጭኖ፣ ቀዛፊዎቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው እዚያ ይሞከራል። ቅርጾቹም አይጣሉም፤ አንኮበር ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደው ሁለተኛው ታንኳ እዚያ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት መመደብ ያለበት ገንዘብ ግን የጣውላው አይደለም። ከባሕር ዳር አንድ የወይጦ ታንኳ ሠሪ ተጋብዞ ይምጣ። የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያውና የትምህርቱ ክፍያ ኮሌጁ ለእንግዳ መምህር በሚከፍለው ልክ ይሁን፣ ስሙም በማስታወቂያው ላይ ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ጋር ጎን ለጎን ይጻፍ። ውኃ ላይ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚረጋ፣ ጭነት የት እንደሚቀመጥ፣ ጫፉ ምን ያህል መቅናት እንዳለበት በክፍሉ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አይኖርም፤ የንድፉ የመጀመሪያ መስመር ከመሰመሩ በፊትም ሊጠየቅ ይገባል።